ባሕር ዳር ላይ ጎብኚን ከፋይ ተመልካች ማድረግ፤ የአንድ አነስተኛ የቪዲዮ አገልግሎት ጉዳይ

ይህ የጉዳይ ጥናት ባሕር ዳር ላይ የተቋቋመ አንድ አነስተኛ የቪዲዮ አገልግሎት ከየካቲት 2014 ዓ.ም. እስከ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባሉት ወራት፣ በሊንክ እየተመራ የሚመጣውን ጎብኚ ከፍሎ የሚያይ ደንበኛ ለማድረግ ያደረገውን ጥረት የሚመለከት ነው። በዚያን ጊዜ የክፍያውንና የደንበኞችን ጉዳይ የምከታተለው እኔ ስለነበርኩ ከውጭ ሆኜ ያጠናሁት አይደለም፤ ጥፋት በተነሣበት ቦታ ሁሉ የእኔም ድርሻ አለበት። የአገልግሎቱን ስምና የገቢውን አኃዝ ባለቤቶቹ እንዲወጣ ስላልፈቀዱ ትቼዋለሁ።

አገልግሎቱ ጊዮርጊስ አካባቢ ካለ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ በአምስት ሰው የሚሠራ ነበር። የሚያቀርበውም እያንዳንዱ ክፍል 20 ደቂቃ የሚወስድ ተከታታይ የአማርኛ ድራማና በመድረክ የተቀረጹ አጫጭር ቀልዶች ነበሩ። ተዋንያኑ አብዛኞቹ በከተማዋ መድረኮች ያደጉ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ከድራማዎቹ አንዱ ዘጌ በቡናው ጫካ ውስጥ የተቀረጸ በመሆኑ የጣና ዳር ሰው በተለይ ይጓጓለት ነበር። ሊንኩ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይበተናል፤ ሰው ይመጣል፤ ማስተዋወቂያውን ያያል፤ ከዚያ ይሄዳል። ችግሩ ይኸው ነበር። የመጣው ብዙ፣ የከፈለው ግን ጥቂት፣ በሁለተኛው ወር ተመልሶ የከፈለው ደግሞ ከጥቂቱም ጥቂት ነበር።

አሠራሩ ሲነደፍ በአእምሯችን የነበረው የአሜሪካው የፊልም አገልግሎት ኔትፍሊክስ ነበር። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ በአንድ ቀን በ130 አገሮች አገልግሎቱን ሲከፍት ኢትዮጵያም በዚያ ውስጥ ነበረች፤ ይሁንና ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሆነ፣ የብር ካርድ ብቻ የያዘ ሰው ቢወድም ቢፈቅድም በሩን ማለፍ አይችልም ነበር። እኛ በቴሌብር ስለምንቀበል ይህን ችግር ያለፍነው መስሎን ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ገና ዓመት ባይሞላውም ከባጃጅ ሾፌሩ እስከ ሸቀጥ መደብሩ ድረስ ገብቶ ስለነበር፣ መክፈያ መንገድ አጣ የሚባል ጎብኚ አይኖርም ብለን አመንን። ከካርዱ በቀር የቀረውን ሁሉ ግን እንዳለ ገለበጥነው፤ አስቀድሞ መመዝገብ፣ ኔትፍሊክስ ቀድሞ ያደርገው እንደነበረው የመጀመሪያው ወር በነፃ፣ ከዚያ በየወሩ መክፈል።

የመጀመሪያው ወር በነፃ መሆኑን ያጸደቅነው ጎረቤት አገርን አይተን ነው። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ኬንያ ውስጥ በአንድሮይድ ስልክ ብቻ የሚታይ፣ የክፍያ መረጃ የማይጠይቅና ማስታወቂያ የሌለበት ነፃ አገልግሎት ከፍቶ ነበር፤ ከጠቅላላ ክምችቱም ሩብ ያህሉን ለዚህ አቅርቦ ነበር። ስብሰባችን ላይ ይህ ዜና እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ ያስተዋልነው «ነፃ» የሚለውን ብቻ ነው። የእነርሱ ነፃ ምንም ሳይጠይቅ ሩቡን ያሳያል፤ የእኛው ደግሞ ሁሉን ይጠይቅና ሁሉን ለአንድ ወር ይሰጣል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ኔትፍሊክስም ቢሆን ያንን ነፃ አገልግሎት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ዘግቶታል፤ እኛ ግን በጊዜው ይህን ልናውቅ አንችልም ነበር።

የእኛ ነፃ ወር ያመጣውን ውጤት ለማወቅ ብዙ አልቆየንም። ምዝገባው በኢሜይል ስለነበር አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፖሊ ግቢ ተማሪ አራተኛ ኢሜይሉን ከፍቶ በአራተኛ ነፃ ወር ላይ እንዳለ፣ ምንም ሳያፍር፣ እንዲያውም እንደ ብልኃት አድርጎ ነገረን። የሚከፍለው አጥቶ አይደለም፤ ነፃው እያለ ለምን ይክፈል? ነፃ ወሩን ዘጋነው። ቀጥሎም ዋጋው በዝቶ ይሆናል ብለን በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ቀነስነው። የከፋዩ ቁጥር ንቅንቅ አላለም። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ይህ የዋጋ ቅነሳ ነው፤ ምክንያቱም ማንንም ሳንጠይቅ በግምት ያደረግነው ነበር።

ጠያቂ ያደረገን አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከቢሮው በታች ባለው በረንዳ ጀበና ቡና የምታፈላ እህት ነበረች። ከተዋንያኑ አንዷን በመልክ ስለምታውቃት ሊንኩ በቴሌግራም ሲደርሳት ከፍታው ነበር፤ ነገር ግን አላየችውም። ደንበኛ ቀለል ያለላት ሰዓት ጠብቄ «እስቲ እህቴ፣ እኔ ምንም ሳልል እንደገና ሞክሪው» ብዬ ለመንኳትና ከጎኗ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ማስተዋወቂያውን እየሳቀች አየች። ቀጥሎ የምዝገባው ገጽ መጣ፤ ሙሉ ስም፣ ኢሜይል፣ የይለፍ ቃል፣ የይለፍ ቃሉን ይድገሙ። ኢሜይል የሚለው ላይ ስትደርስ ስልኩን ወደ እኔ አዘነበለችው። «ይኼ ስልኩን የሸጠልኝ ልጅ ያወጣልኝ ነው፤ እኔ አላውቀውም» አለች። ዝም እላለሁ ያልኩትን ረስቼ ከታች በትንሽ ፊደል የተጻፈውን፣ በስልክ ቁጥር የሚመዘገቡበትን አማራጭ አሳየኋት። ቁጥሯን አስገባች፤ ማረጋገጫ ኮዱ በመልእክት እስኪመጣ ጠበቅን። ኮዱ ዘገየ። በዚህ መሐል ሁለት ሰዎች ቡና አዘዙ፤ ተነሥታ ቀድታ ስትመለስ ኮዱ መጥቷል፣ ገጹ ግን ጊዜው አልፎበታል። «በቃ ወንድሜ፣ ለእናንተ እንጀራችሁ ነው፤ እኔም ከሰሉ እየከሰመብኝ ነው» ብላ ስልኩን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ወደ ቢሮ ስወጣ ደረጃው ላይ የገባኝ ነገር ቀላል ነበር፤ ዋጋው የተጻፈበትን ገጽ ጨርሶ አልደረሰችበትም። ሁለት ጊዜ የቀነስነውን ዋጋ እርሷ አንድ ጊዜም አላየችውም። እንግዲያው «ተወደደብኝ» ብሎ የሄደ አድርገን የቆጠርነው ጎብኚ ከፊሉ፣ ምናልባትም አብዛኛው፣ ስንት እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ የተመለሰ ነበር። በማግስቱ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ስንት ሰው እንደደረሰና ስንቱ ወደሚቀጥለው እንዳለፈ ለየብቻ መቁጠር ጀመርን። እስከዚያ ድረስ የምናውቀው የመግቢያውንና የመውጫውን ቁጥር ብቻ ነበር፤ በመሐል ያለው ጨለማ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ሰው የሚቀረው ምዝገባው ላይ ሆኖ ተገኘ፤ ክፍያው ሁለተኛ ነው።

ሁለተኛውን ነገር የተማርነው የዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ በር ፊት ለፊት ባለ ጁስ ቤት ነው። ተማሪዎችን እያስቀመጥን ገጹን እናሳያቸው ነበር፤ ከአንደበታቸው ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄም አንድ ዓይነት ነበር። «አንዱ ክፍል ስንት ሜጋ ይበላል?» ገጻችን ላይ ስለ ተዋንያኑ፣ ስለ ዳይሬክተሩ፣ ስለ ድራማው ጭብጥ ተጽፏል፤ ስለ ሜጋ ግን አንድ ቃል የለም። ለተማሪው የእኛ ዋጋ የዋጋው ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ለፓኬጅ ይከፍላል፤ ያኛው ግማሽ ስንት እንደሆነ ካላወቀ የእኛን ርካሽነት አያምነውም። ባልንጀራው ደግሞ ሚሞሪውን ይዞ ፊልም ማስጫኛ ቤት ይሄድና፣ አንድ ጊዜ ከፍሎ የሳምንቱን ፊልም ያለ አንዲት ሜጋ ይዞ ይወጣል። እኛ ኔትፍሊክስን ስናስብ የጎብኚው ማነጻጸሪያ ከመንገዱ ማዶ ያለው ማስጫኛ ቤት ነበር።

ስሌቱ አስቸጋሪ አልነበረም። ምስሉንና ድምፁን አንድ ላይ በሴኮንድ 300 ኪሎ ቢት የሚልክ ቅጂ ለ20 ደቂቃ 45 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ በሴኮንድ 1 ሜጋ ቢት የሚልከው ደግሞ 150 ሜጋባይት። በትልልቆቹ አገልግሎቶች ዘንድ አንድ ሰዓት ከፍተኛ ጥራት እስከ 3 ጊጋባይት ሊደርስ እንደሚችል ሲታሰብ ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ የቀን ፓኬጅ ገዝቶ ለሚያይ ሰው ግን በ45 እና በ150 መካከል ያለው ልዩነት ድራማውን በመጨረስና በመሐል በማቋረጥ መካከል ያለ ልዩነት ነው። የእኛ ማጫወቻ ደግሞ ቪዲዮውን በጥቂት ሴኮንድ እየቆራረጠ ሲያወርድ መስመሩ ትንሽ እንደተሻለ ወደ ከፍተኛው ጥራት ይዘል ነበር። ባለሙያዎቻችን የሚኮሩበት ይኸው አሠራር የተማሪውን ፓኬጅ በልቶ ይጨርሰዋል፤ ተማሪውም የሚራገመው እኛን ነው። ስለዚህ በሞባይል ዳታ ለሚመጣ ሰው ዝቅተኛው ጥራት ቀድሞ እንዲመረጥ፣ ከእያንዳንዱ ክፍል ስም ጎን የሚፈጀው ሜጋ እንዲጻፍ፣ ግቢ ውስጥ ዋይፋይ ሲያገኝ አውርዶ ማታ ዶርም ውስጥ ማየት እንዲችል ተደረገ። ካደረግናቸው ለውጦች ሁሉ ሰው በአፉ ያወራለት ይህ ብቻ ነበር፤ ኮድ የጻፈው ልጅ የሠራው ሥራ ከአንድ ቀን የማይበልጥ መሆኑን ስነግረው ከባለቤቶቹ አንዱ ለማመን አቅቶት ነበር።

ከዚህ በኋላ የምዝገባውን ግድግዳ ከመግቢያው አንሥተን ወደ ውስጥ ወሰድነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ለማንም፣ ያለ ስምና ያለ ቁጥር ክፍት ሆኑ። ሁለተኛው ክፍል ሲያልቅ ሦስተኛው ሊጀምር ጥቂት ሴኮንዶች እየቀሩት፣ ልብ በተሰቀለበት ቦታ፣ አንድ አጭር ገጽ ይመጣል። የሚጠይቀው ስልክ ቁጥር ብቻ ነው፤ የይለፍ ቃል የለም፤ ዋጋውና የቀሪዎቹ ክፍሎች ሜጋ እዚያው ላይ ተጽፏል። ገጹ ጊዜው እንዳያልፍበት፣ ኮዱ ቢዘገይ እንኳ ሰውየው ቡና ቀድቶ ሲመለስ እንዲያገኘው አደረግን። በዚህ ላይ የጽሑፍ ክፍላችን ሁለተኛውን ክፍል ሆን ብሎ በጥያቄ ላይ እንዲዘጋ ጠይቀን ከደራሲው ጋር መጠነኛ ጠብ ተነሥቶ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደራሲው ተሳስቶ አልነበረም፤ አንዱ ድራማ ላይ የተቆረጠበት ቦታ ያስቃል።

የሚከፍለው ሰው ቁጥር ከፍ ሲል አዲስ አቤቱታ መጣ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ደረጃውን ወጥቶ «ብሬን ብሉ ብዬ ነው እንዴ የከፈልኩት?» እያለ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አኖረው። የቴሌብር መልእክቱ ክፍያው መፈጸሙን ይናገራል፤ የእኛ ገጽ ደግሞ አሁንም «ለማየት ይክፈሉ» ይላል። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ሰውየው ሊንኩን ቴሌግራም ውስጥ ሲነካ ገጹ የሚከፈተው በራሱ በቴሌግራሙ መስኮት ነው። ክፍያው ላይ ሲደርስ የቴሌብር መተግበሪያ ይከፈታል፤ ምሥጢር ቁጥሩን አስገብቶ ከፍሎ ሲመለስ ግን የሚከፈትለት የስልኩ ዋና ብሮውዘር ነበር። ዋናው ብሮውዘር አያውቀውም፤ በእርሱ ዘንድ አሁን የመጣ እንግዳ ነው። የእኛ ሥርዓት ደግሞ ክፍያውን የሚያጸድቀው ሰውየው በተነሣበት መስኮት ተመልሶ ሲመጣ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ተሠርቶ ነበር። ይህ ስሕተት ለስንት ሳምንት ሳይታይ እንደቆየ ስናሰላ አፈርን፤ አቤት ብሎ ደረጃ የሚወጣ አንድ ሰው ሲገኝ ዝም ብሎ የቀረው ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ማስተካከያው የከፈለውን ሰው በመስኮቱ ሳይሆን በስልክ ቁጥሩ ማወቅ ነበር። ከክፍያው ሰርቨር ወደ እኛ ሰርቨር በቀጥታ የሚላከው ማረጋገጫ እንደደረሰ ቁጥሩ ይከፈትለታል፤ ሲነካው በቀጥታ ሦስተኛውን ክፍል የሚያስጀምር ሊንክም በመልእክት ይላክለታል፤ ማታ ማታ ደግሞ የገባው ብርና የተከፈተው ቁጥር እየተመሳከረ የቀረ ካለ ጠዋት በእጅ ይከፈታል። ለባጃጅ ሾፌሩ ገንዘቡን ልንመልስለት ብንል «ብሩን ተውት፤ ድራማውን ክፈቱልኝ» አለን፤ ከፈትንለት፤ አንድ ወርም ጨመርንለት።

ቀሪው ጥያቄ የጊዜው መጠን ነበር። ወርኃዊ ክፍያ እንደ ቋሚ ሕግ የተወሰደው ከውጭ አገር አሠራር ነው፤ እዚያ ካርዱ አንድ ጊዜ ከተመዘገበ በየወሩ በራሱ ይቆርጣል፤ ደንበኛው ካላስቆመው በቀር ደንበኛ ሆኖ ይቀጥላል። በእኛ የክፍያ ውል ውስጥ እንዲህ ያለ በራሱ የሚቆርጥ ነገር አልነበረም። ስለዚህ «ደንበኛ» የምንለው ሰው በየወሩ አዲስ ሆኖ የሚገዛ ገዢ ነው፤ በየወሩም እንደገና መለመን አለበት። ይህ ከሆነ ዘንድ ዳታውን በቀንና በሳምንት ለሚገዛ ሰው ድራማውን በወር ብቻ መሸጥ ግትርነት ነው ብዬ ተከራከርኩ፤ የቀንና የሳምንት ፓኬጅም ተጨመረ። ሲታሰብ ሦስት ሳምንታዊ ከአንድ ወርኃዊ ጥቂት በልጦ እንዲገኝ ተደርጎ ነበር፤ ሐሳባችን ሳምንታዊ የሚገዛው ሰው ይህን ሲያይ ወደ ወርኃዊው ይሻገራል የሚል ነበር።

አልተሻገረም። እዚህ ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሳምንታዊ የገዛ ሰው ድራማው የሚያልቅበትን ሳምንት ጠብቆ አንድ ጊዜ ገዝቶ በሙሉ ያየዋል፤ ከዚያ የሚቀጥለው ድራማ እስኪያልቅ ይጠፋል። በወር ይገዛ የነበረውም ከፊሉ ይህን ብልኃት ተምሮ ወደ ሳምንታዊ ወረደ። የከፋዩ ቁጥር አድጎ የገቢው እድገት ወደ ኋላ ቀረ። ባለቤቶቹ ሳምንታዊው ይሰረዝ አሉ፤ እኔ ደግሞ ድራማው በሙሉ በአንድ ጊዜ መለቀቁ ቀርቶ ሁለት ሁለት ክፍል በየሳምንቱ ይውጣ አልኩ። የኋለኛው ተመረጠ። ይህ ሲሆን ሳምንታዊ ገዢው በየሳምንቱ መመለስ ግድ ሆነበት፤ ሦስተኛ ሳምንት ላይ ወርኃዊው እንደሚሻለው ማስላት የጀመረውም ያን ጊዜ ነው።

የማስታወሻ መልእክቱን ቀን በተመለከተ ብዙ መድከም አላስፈለገም። መጀመሪያ የምንልከው ፓኬጁ ባለቀ ማግስት ነበር፤ ቀኑ ግን ለብዙዎች ኪስ ባዶ የሚሆንበት ቀን ላይ ይወድቃል። የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዙን የሚያገኘው በኢትዮጵያ ወር መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ወርኃዊ ገዢ ለሆኑት መልእክቱ ከ25 በኋላ እንዲላክና አዲሱ ፓኬጅ ከወሩ 1 ጀምሮ እንዲቆጠር ምርጫ ተሰጣቸው። ጳጉሜን ላይ ሲደርስ ክርክር ተነሣ፤ የ2014 ጳጉሜን አምስት ቀን ነበረች፤ ለእነዚያ ቀናት ደመወዝ የለም፤ እኛ ግን እናስከፍል? «ጳጉሜንን በነፃ» ተባለ። ብዙ ወጪ አላስወጣንም፤ በመስከረም መጀመሪያ ላይ ግን ለአዲስ ዓመት ከመጡ ዘመዶች ጋር ሆኖ ያየ ሰው ስልክ ቁጥሩን እየተወ ይሄድ ነበር። ለተማሪዎች ይህ አይሠራም፤ ግቢ ሲዘጋ ይጠፋሉ፤ ሲከፈት ይመለሳሉ፤ በዚህ ላይ ማድረግ የቻልነው ክረምት ላይ አዲስ ድራማ አለመጀመር ብቻ ነው።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ ለወራትም ቆየ። ከደንበኞቻችን አብዛኞቹ የሚያዩት በሞባይል ዳታ ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ የቀሩን ቤታቸው ወይም መሥሪያ ቤታቸው ባለ መስመር ዋይፋይ የሚያገኙ፣ ወይም ከክልሉ ውጭ ያሉ ሰዎች ብቻ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ተሰብስበን የወሰንነው አንድ ነገር ነው፤ የሁሉም ሰው ፓኬጅ ባለበት ቀን ላይ እንዲቆምና ሰውየው እንደገና ገብቶ ማየት ሲጀምር ከዚያው እንዲቀጥል። ለዚህ የሚሆን ቁልፍ በሥርዓቱ ውስጥ አልነበረም፤ ፓኬጅ የሚያልቅበት ቀን በቁጥር ተጽፎ የተቀመጠ ስለነበር፣ እያንዳንዱን ወደ «ቀሪ ቀን» መቀየር ሁለት ሌሊት ፈጀ። ከዚያም በመልእክት ለእያንዳንዱ ቀሪ ቀኑን ነገርነው፤ መልእክት ያለ ዳታም ይደርሳል። ጀበና ቡናዋ በረንዳ ላይ ስልኳን እያሳየችኝ «አራት ቀን አለሽ ይላል፤ አይጠፋም አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። አይጠፋም አልኳት፤ ቁጥሯም እንደገና እስክትገባ ድረስ በሰርቨሩ ላይ ከአራት ቀን ጋር ተመዝግቦ ቆየ።